«አትደናገጡ» ከማለታችን በፊት

(ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የቅሬ (ወሎ እድርን የሚጠራበት ስም ነው) ዳኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የቀበሌ አመራሮች ኮምቦልቻ ላይ በተሰበሰቡበት መድረክ የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቃላት ብቻ ተስተካክለዋል።)

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የተከበራችሁ አስታራቂዎቻችን አበጋሮችና የቅሬ ዳኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የቀበሌ አመራሮች፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ አሰላሙ ዓለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ። ሐረጎን በጉም ወርዳችሁ ከደሴ ለመጣችሁም እንኳን በደኅና ገባችሁ። የኮምቦልቻ ሙቀት ከከበዳችሁ መስኮቱ ይከፈትላችኋል።

የተሰጠኝ ርዕስ «በአደጋ ጊዜ በሚደረግ ተግባቦት የሕዝብን አመኔታ መገንባት» የሚል ነው። ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ ዝምታ በዚህ አገር ምን እንዳደረሰ አነሣለሁ፤ ቀጥዬ እኛ በመረጃ ሥራ ላይ ያለነው ሰዎች ሕዝቡን ለምን እንደምንፈራው እናገራለሁ፤ በመጨረሻም ከፊታችን ላለው ክረምት ደሴና ኮምቦልቻ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ሐሳብ አቀርባለሁ። መካከል ላይ ከመንገድ ወጣ ካልሁ ታገሡኝ፤ ዕድሜውን በአደጋ ማስጠንቀቂያ ሥራ የጨረሰ ሰው ወሬ አያጣም።

ፍሬ ነገሩን ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በየስብሰባው «ሕዝቡ አላመነንም፤ የምንነግረውን ትቶ የመንገድ ወሬ ይሰማል» ብለን እናማርራለን። እኔ ዛሬ ጥያቄውን ገልብጬ እጠይቃለሁ። እኛስ ሕዝቡን አምነነዋል ወይ? ክፉ ዜና ይዘን በእጃችን ስናሽሞነሙን፣ ቀን ስንመርጥለት፣ ቃል ስናለሳልስለት፣ ሕዝቡ እውነትን ሊሸከም የሚችል አዋቂ ነው ብለን አምነን ነው ወይ? ካላመንነው ለምን ያምነናል?

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ወሎ ላይ ቆሞ ስለ ዝምታ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ ከእናንተ መካከል በዓይኑ ያየ አለ፤ ያላየውም ከእናቱ ሰምቷል። ያ ረሃብ ዝናብ ስለ ጠፋ ብቻ የመጣ አይደለም። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ያንን ጊዜ መርምሮ ካገኛቸው ነገሮች አንዱ እስካሁን ይከነክነኛል። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። ለምን? የተራበው ሰው ከብቱ አልቆ፣ እጁ ባዶ ሆኖ፣ ወደ ገበያ የሚሄድበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው። መግዣ የሌለው ሰው ዋጋ አያስወድድም። ስለዚህ ገበያውን አይቶ ችግሩን ለመረዳት የሞከረ ሹም ካለ ገበያው ምንም አልነገረውም። ሊነግረው ይችል የነበረው የተራበው ሰው ራሱ ነበር፤ እርሱን ደግሞ የሚሰማው አልነበረም።

መንግሥትም ዝም አለ። የአገር ስም ይጎድፋል፣ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ይነካል ተባለ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ የውጭው ዓለም የወሎን ረሃብ ከብዙው ኢትዮጵያዊ ቀድሞ አየው። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ለራሱ ዓላማ አመቻችቶ፣ ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየው፤ በማግሥቱም ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ክብር ለመጠበቅ ተብሎ የተያዘው ዝምታ ሰውንም ክብርንም ሳይጠብቅ ቀረ።

ከዚያ ተማርን ወይ? በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ድርቁን አስቀድሞ አይቶ ለለጋሽ አገሮች ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር። ለጋሾቹ ቸል አሉ። አገር ቤት ደግሞ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል እየተዘጋጀ ስለ ነበር ስለ ረሃብ ጮክ ብሎ መናገር የበዓሉን ድባብ ማበላሸት ሆነ። በዓሉ መስከረም ላይ በድምቀት ተከበረ፤ ጥቅምት ላይ የኮረም ረሃብተኞች ሥዕል በዓለም ቴሌቪዥን ዞረ። እዚህ ላይ እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በሁለቱም ጊዜ የሚያውቅ ሰው ነበር። የወረዳ ጸሐፊ ያውቅ ነበር፤ የጤና ረዳት ያውቅ ነበር፤ ሹፌር ያውቅ ነበር። የጠፋው እውቀት አልነበረም፤ የታወቀውን ነገር ለባለቤቱ በጊዜው የመንገር ፈቃድ ነበር። ሴን በኋላ ነፃ ጋዜጣና ለመራጩ መልስ የሚሰጥ መንግሥት ባለበት አገር ከባድ ረሃብ አይደርስም ብሎ የተከራከረው የወሎንም ታሪክ አጥንቶ ነው። የእኛ ሙታን ናቸው የዓለም መማሪያ የሆኑት።

ስለዚህ የወሎ ሰው መግለጫ ሲሰማ በግማሽ ጆሮ ቢሰማ አይፈረድበትም። ጥርጣሬው ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ያደገ ሕዝብ ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ ይህ ነው። ባለሥልጣንና ባለሙያ ለምን ዝም ይላሉ? ክፉዎች ስለ ሆኑ ነው? እኔ በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ፈሪዎች ነበሩ። የሚፈሩትም ሕዝቡን ነው። «ይህ ከተነገረ ሰው ይደናገጣል፤ ገበያ ይረበሻል፤ ቤቱን ጥሎ የሚወጣ ይበዛል» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማሁ! ከዚያም «አትደናገጡ፤ ሁሉም ነገር በቁጥጥር ሥር ነው» የሚል መግለጫ ይወጣል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ማን ነው «አትደናገጥ» ሲባል ተረጋግቶ የሚያውቅ? እኔ እንደሆንሁ ያንን ቃል ስሰማ ነው ልቤ የሚመታው።

ኤንሪኮ ኳራንቴሊ የሚባል አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ሳይንስ ተመራማሪ ረጅም ዘመኑን ሰዎች በእሳት፣ በጎርፍና በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ ሲያጠና ኖሯል። ያገኘው ነገር ባለሥልጣናት ከሚፈሩት ፈጽሞ የተለየ ነው። ሰው በአደጋ ጊዜ አእምሮውን ስቶ የሚራወጠው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ አብዛኛው መጀመሪያ ቤተሰቡን ይፈልጋል፣ ከዚያ ጎረቤቱን ያነሣል። እኛ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገንም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን የተፈናቀለው ወገን በደሴ ትምህርት ቤቶች ሲጠለል፣ እንጀራ አጣጥፎ ወጥ በሰሐን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ይመላለስ የነበረው ማን ነው? ያ ሕዝብ ነው «ይደናገጣል» የሚባለው?

ስለዚያው ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልለፍ፤ ስለ ጦርነቱ ብዙ መናገር የዛሬው ጉዳይ አይደለም። በጥቅምት 2014 ስልክ ሲጠፋ፣ የሚባለውም ከሰዓት ሰዓት ሲለዋወጥ፣ ሰው ያመነው ማንን ነበር? ከመንገድ የመጣውን የሚኒባስ ሹፌር። ለምን? መንገዱን በዓይኑ አይቶታልና፤ ደግሞም ሹፌሩ ያላየውን «አላየሁም» ይላል።

ማረጋጋት ራሱ እንዴት እንደሚገድል ግን የጣሊያኗ የላክዊላ ከተማ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ መሬቷ ለወራት በትንሽ በትንሹ ስትንቀጠቀጥ ቆየች፤ ሕዝቡም ተጨነቀ። በማርች መጨረሻ ባለሙያዎች ተሰብስበው ተወያዩ። የአገሪቱ የሲቪል መከላከያ ምክትል ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርበው ነገሩ እንደማያሰጋ፣ እንዲያውም ትንንሹ መንቀጥቀጥ ኃይሉን ስለሚያበርደው ደግ እንደሆነ ተናገሩ፤ ጋዜጠኛው «እንግዲያስ ወይን እንጠጣ?» ቢላቸው የወይኑን ዓይነት መርጠው መለሱለት። በዚያ አገር መሬት ሲነቃነቅ ቤተሰብ ብርድ ልብስ ይዞ ወደ አደባባይ የመውጣት የቆየ ልማድ ነበር። ኤፕሪል 6 ሌሊት ብዙዎች የተባሉትን አምነው ቤታቸው አደሩ። በዚያች ሌሊት 309 ሰዎች ሞቱ። ስድስት ሳይንቲስቶችና እኚሁ ኃላፊ ተከስሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ተፈረደባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንቲስቶቹ በይግባኝ ነፃ ሲወጡ የኃላፊው ቅጣት ግን ተቀንሶ ጸና። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀን አስቀድሞ መናገር የሚችል ስለሌለ፣ ሳይተነብዩ ቀሩ ተብሎ ማንም ሊወቀስ አይገባም። ጥፋቱ «አናውቅም» ማለት በሚገባበት ቦታ «አያሰጋም» መባሉ ላይ ነው። ሰዎቹ የአያቶቻቸውን ጥንቃቄ በባለሥልጣን ቃል ለወጡት።

ይህ ነገር ከእኛ ሩቅ ነው? እኛ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከዚህ በአዲስ አበባው መንገድ ወደ ደቡብ ስትወርዱ በካራ ቆሬ አካባቢ መሬት ለወራት ተንቀጥቅጦ ማጀቴ ፈርሳለች። በታኅሣሥና በጥር 2017 በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትናወጥ፣ በተለይ ታኅሣሥ 26 ቀን የእነዚያ ወራት ብርቱው ሲመጣ፣ ስልካችሁ ላይ ምን ነበር? ለእኔ የደረሰኝ የአንድ ሰው የድምፅ መልእክት ነው፤ «ትልቁ ዛሬ ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው፤ ለዘመድ ወዳጅ አስተላልፉ» ይላል። ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን አልብሰው ውጭ ቁጭ አሉ። እኔ የነገርኋቸው ይህን ብቻ ነው፤ «መሬት መናወጧ እውነት ነው፤ ሊደገምም ይችላል፤ ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ግን በዓለም ላይ የለም፤ ሰዓት የነገራችሁ ሁሉ ዋሽቷል።» ይህ ሰው ይዞት ሊሄድ የሚችል መስፈርት ነው፤ ነገም ለሌላ ወሬ ይሠራለታል። «ወሬ አትስሙ» ብሎ ማዘዝ ግን ለማንም አይጠቅምም። ወሬ የሚገባው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ነው፤ ቦታውን የተውነው ደግሞ እኛ ነን።

መልካም ምሳሌም አለ። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ ሲገኝ ስሙ ሳይድበሰበስ በይፋ ተነገረ። ሰው የሚያስፈራውን ስም ሰማ፤ እጁን ታጠበ፣ ሥራውን ሠራ። በመጋቢት 2012 ኮቪድ ሲገባም በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁጥሩ በየቀኑ ይነገር ነበር፤ ጥሩ ነበር። በኋላ ግን ስልክ በደወልን ቁጥር የምንሰማው መልእክት ሳይለወጥ ስለ ቆየ ጆሮአችን ለመደው። ቃል ሲለመድ ከዝምታ አይሻልም፤ ይህንም አትርሱ።

አሁን ከመንገድ ልውጣ ብያችሁ የነበረው እዚህ ላይ ነው። ደሴ ውስጥ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ቤት ከቤት በላይ ተደራርቦ ከተሠራበት ቁልቁለት ላይ፣ አንዲት እናት ነበሩ። የጭቃ ቤታቸው ግድግዳ ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ እስከ መሠረቱ ተሰንጥቋል። እሳቸው ስንጥቁን አልደፈኑትም፤ ጭድ የገባበት ጭቃ አድቦልቡለው ጣት በምታህል ስፋት በስንጥቁ ላይ አጋድመው ለጠፉ፣ ሦስት ቦታ፣ አንዱ ከሌላው ስንዝር ያህል ርቆ። ጭቃው ደረቀ። ክረምቱ ሲበረታ የታችኛው ልጣፊ ለሁለት ተከፈለ፤ ከዚያ የመካከለኛው። «ቤቴ እርጅናው ከሆነ ጭቃው ባለበት ይቆያል፤ ተራራው እየሄደ ከሆነ ጭቃው ይነግረኛል» ይሉ ነበር። ይህ ዘዴ መሐንዲሶች በስንጥቅ ላይ ጂፕሰም ለጥፈው የሚያደርጉት ነው፤ ማንም አላስተማራቸውም።

ወደ እሳቸው ቤት ሜትርና ካሜራ የያዘ ቡድን መጣ። ለካ፣ ፎቶ አነሣ፣ ስማቸውን ጻፈ፣ «ይጠናል» ብሎ ሄደ። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ነበረ አልናገርም። ክረምት አልፎ በጋ ሆነ፤ መልስ የለም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቡድን ሲመጣ እኔም አብሬ ነበርሁ። እናታችን በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙና «እናንተ ለመውሰድ ነው የምትመጡት፤ መልሳችሁ አታውቁም» አሉን። ቡናም አላፈሉም፤ ወሎ ላይ እንግዳ ያለ ቡና ሲሸኝ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። እኚህ ሴት መረጃ አልጠሉም። የራሳቸው መረጃ ነበራቸው፤ ከእኛው ይሻል የነበረ። የፈለጉት አንድ ሰው ተመልሶ መጥቶ «ያየነው ይህ ነው፤ ያላወቅነው ይህ ነው፤ እስክናውቅ ድረስ ዝናብ ሲበረታ ማታ ማታ እህትዎ ቤት ይደሩ» እንዲላቸው ነበር። ይህን ለመናገር የሚያስፈልገው ወጪ ስንት ነው? የታክሲ ዋጋ!

ሌላ ደግሞ ልጨምር። በበልግ አብቃይ ወረዳዎች የወቅት ትንበያ ስናደርስ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ይጻፋል፤ «ከመደበኛ በላይ 25 በመቶ፣ መደበኛ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች 40 በመቶ።» የሥራ ባልደረቦቼ «ገበሬ ይህን አይረዳም፤ ዝናብ ያንሳል ብለን እንንገረው» ይሉ ነበር። አንድ ወቅት የተናገርነው እንዲህ ቆርጠን ከሆነና ዝናቡ ከጣለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማን ይሰማናል? እኔ አንድ ጊዜ ደጋ ላይ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች «እንዲህ ያለ ምልክት በአሥር በልግ ቢታይ፣ በአራቱ ያህል ዝናቡ ያንሳል፤ በቀሩት ግን ይደርሳል» አልኋቸው። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ይህማ ገባን፤ ገብሱን ግማሹን እንዘራለን። እናንተ ያልነገራችሁን መግቢያውንና መውጫውን ነው፤ የሚገድለን የዝናቡ ማነስ ሳይሆን ሰብሉ ሲያብብ ማቋረጡ ነው» አሉ። ገበሬ ዕድሜ ልኩን ከ«ምናልባት» ጋር የኖረ ሰው ነው። ቢሮ የምንቀመጠው እኛ ነን እርግጠኛ መስለን መታየት የምንወድ። ደግሞም ሽማግሌው የጠየቁት ጥያቄ ከትንበያችን የበለጠ ጠቃሚ ነበር፤ ስለዚህ የሚጠይቅ ሰው ፊት መቆም ለተናጋሪውም ትምህርት ነው።

ጊዜዬ እየሄደ ነው፤ ወደ ሦስተኛው ልለፍ። አመኔታ እንደ ቅሬ መዋጮ ነው። ሰው ሳይሞት፣ ድንኳን ሳይተከል፣ በየወሩ የሚከፈል ነው፤ ለቅሶ ከደረሰ በኋላ አባል ልሁን የሚል ሰው የለም። ታዲያ የእኛ መዋጮ በምን ይከፈላል? በትንንሹ ነገር። ደሴ ውስጥ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንዲት የቦኖ ሠራተኛ ነበረች። በቦኖዋ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ውኃ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት ትጽፋለች፤ ሲቀየር በላዩ ትሰርዝና አዲሱን ከጎኑ ትጽፋለች፤ ሳታውቅ ስትቀር «እስካሁን አልተነገረኝም» ብላ ትጽፋለች። የተሰረዘው ሁሉ ስለማይጠፋ ግድግዳው ዝንጉርጉር ነበር። ጀሪካኑን የደረደረው ሰው በእሷ ላይ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም። ኮቪድ ሲመጣ የሰፈሩ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ብልህ ነበረች፤ ማስታወቂያዋን ሄዳ የለጠፈችው ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ሰውም አነበበው፤ ግድግዳው ዋሽቶ አያውቅማ!

ወደ ክረምቱ ልምጣ። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተነሥቶ፣ ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። ላይ የዘነበው ታች የሚወስደው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። ያ ጊዜ ረጅም አይደለም፤ ለአንድ የስልክ ጥሪ ግን ይበቃል። ታዲያ ደሴ ላይ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ወንዙ ሲቆጣ ኮምቦልቻ ወንዝ ዳር ላለ ለማን ይደውላል? ስልኩን ያውቃል? የሚደወልለትስ ሰው ደዋዩን ያውቀዋል? በማያውቀው ቁጥር ሌሊት ስምንት ሰዓት «ውጡ» ቢባል ይወጣል? እኔ አልወጣም።

እ.ኤ.አ. በ1970 የዛሬዋን ባንግላዴሽ የመታው ቦላ የተባለው አውሎ ነፋስ ከ300,000 በላይ ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አደራጁ፤ አሁን ከ70,000 በላይ ናቸው፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። የሚያደርጉት ቀላል ነው። አደጋው ሲቃረብ ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በድምፅ ማጉያ በየበሩ ይዞራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ መጠለያ ገባ፤ የሞተው ሰው ቁጥር በአሥሮች የሚቆጠር ሆነ። ሳተላይት ረድቷቸዋል፤ ይሁንና ሰውን ከቤቱ ያወጣው በሩን ያንኳኳው ጎረቤት ነው።

የእኛ ቅሬ ይህን ሁሉ አለው። ስም ዝርዝር አለው፤ ዳኛ አለው፤ ለፋፊ አለው፤ ጥሩምባ አለው። እዚህ ላይ ግን ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ምን ያደርጋል? ነጠላውን ይለብስና ለቅሶ ቤት ይጠይቃል። ጎርፍ ሲመጣ ያንኑ ጥሩምባ ብንነፋ ሰው ወደ ላይ መሸሽ ሲገባው «ማን ሞተ?» እያለ ወደ ታች ሊወርድ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ከወዲሁ መለየት አለበት። ጥሩምባው ተቆራርጦ ይነፋ? የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ከአዛን ሰዓት ውጭ ይጠራ? የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይጨመርበት? ሼሆቻችንና ቀሳውስታችን እዚህ ስላላችሁ ይህ በደብዳቤ የሚጠየቅ ሳይሆን ዛሬ ምሳ ላይ የሚያልቅ ነገር ነው። አንዴ ከተስማማችሁም ዝናብ ሳይኖር፣ በጠራራ ፀሐይ ሞክሩት፤ ሕፃናትም ይስሙት። ሙከራ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ንገሩ። ሳይነገር የተሞከረ ምልክት ለሁለተኛ ጊዜ አይታመንም።

ለቁልቁለት ሰፈሮችም ሁለት ነገር ልበል። መሬት ከመናዱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ያሳያል። አዲስ ስንጥቅ ይታያል፤ ዛፍና የመብራት ምሰሶ ያዘነብላል፤ የቤት በር አልዘጋ ይላል፤ የምንጭ ውኃ ይደፈርሳል ወይም ባልነበረበት ይፈልቃል። ይህን ያየ ሰው ለማን እንደሚናገር ይወቅ፤ የተነገረውም ሰው ምንም ባያገኝ እንኳ ተመልሶ ይንገረው። ሁለተኛው ከባድ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ሲናድ፣ የተቀበሩትን ሊያወጡ ከሮጡት መካከል ብዙዎች ዳግመኛ በተናደው አፈር አለቁ። ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። ለእርዳታ የሚሮጥን ሰው «አትሂድ» ማለት በእኛ ባህል ነውር ነው። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ሰው የሚሰማው ከሚያከብረው ሰው ሲነገረው ብቻ ነው። የቅሬ ዳኛው «ከላይ አንድ ሰው ተራራውን እያየ ይቁም፤ ከዚያ ግቡ» ቢል ይሰማል። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ቢለው ግን አይሰማም፤ ቢሰማም ይገርመኛል።

የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሆይ፤ ለእናንተ አንድ አደራ አለኝ። መግለጫ ስታወጡ አራት ነገር ይኑርበት፤ የምናውቀው፣ የማናውቀው፣ አሁን የምናደርገውና ተመልሰን የምንናገርበት ሰዓት። «ከቀኑ አሥር ሰዓት እንናገራለን» ካላችሁ አሥር ሰዓት ላይ ተገኙ፤ አዲስ ነገር ባይኖርም «አዲስ ነገር የለም» ለማለት ተገኙ። «አትደናገጡ» የሚለውን ቃል ግን ከወረቀታችሁ ሰርዙት፤ በቦታው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ጻፉለት።

አሁን ምሳ ነው። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ተዘርግቷል፤ በግራ በኩል የደሴ፣ በቀኝ በኩል የኮምቦልቻ የወንዝ ዳር ቅሬዎች ስም ተጽፏል። እያንዳንዱ ቅሬ ሁለት ሰው ይሰይም፤ አንዷ ሴት ትሁን፤ ማታ ስልኳን የማታጠፋ። ስማችሁን ጽፋችሁ ብቻ አትሂዱ፤ ከጎናችሁ ከተጻፈው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ ቁጭ በሉ፤ ተደዋወሉና ቁጥሩ መሥራቱን እዚሁ እዩ። የምልክቱን ነገር ሼሆቹና ቀሳውስቱ ከምሳ በኋላ ይነግሩናል። ጥያቄ ያላችሁ አሁኑኑ እጃችሁን አውጡ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላችኋለሁ።